ማንም ያልሞተበት ድንኳን

«ሥራህ ምንድነው?» ለሚለኝ ሰው መልስ ካጣሁ ቆየሁ። ሐኪም «ሐኪም ነኝ» ብሎ ይገላገላል። አስተማሪም እንደዚያው፤ ሰው ከንፈሩን መጥጦለት ያልፋል። እኔ የምሠራው ደረቅ ወደብ ነው። እዚያም ክሬን አልነዳ፣ ዕቃ አልፈትሽ። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ገና ያልመጣውን ኮንቴይነር «መጣ» እላለሁ። ደህናውን ክሬን «ተበላሸ» እላለሁ። የሌለውን የጭነት መኪና አሰልፋለሁ። ከዚያ ምን እንደሚፈጠር ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሲሙሌሽን ይባላል። ደሞዝም ይከፈልበታል፤ እናቴ ግን ይህን እስከ ዛሬ አታምንም። ቤተ ክርስቲያን ለጠየቃት ሁሉ «ልጄ ትልቁን ክሬን ነው የሚነዳው» ትላለች፤ ውሸት የማትወድ ሴት ናት እኮ!

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባል የለ? የእኔ ሥራ መጥኖ መደቆሱ ነው። የወደብ ትልቁ በሽታ አንድ ነው፤ የሚፈለገው ኮንቴይነር ሁልጊዜ የሚገኘው ከታች ነው። እሱን ለማውጣት ከላዩ ያሉትን ማንሳት፣ ማስቀመጫ መፈለግ፣ መልሶ መደርደር። እስከዚያ ሾፌሮቹ በአምላክ ፊት የማይደገም ስድብ ይሳደባሉ። እኔ ታዲያ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች ቢሆን እንደሚሻል ስድቡ ከመምጣቱ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ እሞክራለሁ። ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ምሥጢር የለውም።

ይህን ሁሉ ለጋሽ ኤርሱሞ አስረድቻለሁ። ጋሽ ኤርሱሞ የምህረት አባት ናቸው። ምህረት ደግሞ... ምን ልበላችሁ፣ ምህረት ናት እንግዲህ። ከእሷ ጋር ተስማምተን ጨርሰን ሽማግሌ ልኬ ነበር። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ጋሽ ኤርሱሞ እንዲህ ብለዋቸዋል፦

«ልጁ ጨዋ ነው፤ ቤተሰቡንም አውቃለሁ። ግን የሌለ ዕቃ የሌለ ቦታ ላይ እየደረደረ የሚኖር ሰው፣ ነገ ልጄንም የሌለ ቤት ውስጥ ነው የሚያስቀምጣት። እስኪ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ሠርቶ ያሳየኝ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

በእጅ የሚዳሰስ! ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ክሬን ተሸክሜ አገሬ ሆሳዕና አልመጣ።

እግዚአብሔር ግን ለሞኞችም ያስባል። ጋሽ ኤርሱሞ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። እድራችን ንብረቱን የሚያስቀምጠው በምን ይመስላችኋል? በኮንቴይነር! ከመናኸሪያው ጀርባ የቆመ፣ ስንት ባሕር አቋርጦ መጥቶ ሆሳዕና ላይ ጡረታ የወጣ አሮጌ ኮንቴይነር። ውስጡ ድንኳን አለ፣ የድንኳን ብረት አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ሰው የሚቀቅል የሚመስል ብረት ድስት አለ። የንብረት ኃላፊው ጋሽ ሎምባሞ ናቸው። የእሳቸው የአደራደር ሕግ በአንድ ቃል ያልቃል፤ «ይገባል»። በሩ በጎረምሶች ትከሻ ተገፍቶ ከተዘጋ ገብቷል ማለት ነው። ድንኳኑ የት ነው ታዲያ? ከታች ነዋ! ባለፈው ክረምት አንድ ለቅሶ ላይ ድስቱ ወጥቶ፣ ወንበሩ ወጥቶ፣ ድንኳኑ እስኪደርስ ድረስ ለቀስተኛው ዘንቦበት፣ አባርቶለት፣ ደርቆ ጠበቀው። ጋሽ ኤርሱሞ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው።

ለእረፍት እንደመጣሁ ሮጬ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ኮንቴይነሩን ለእኔ ይስጡኝ» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ረጅም ጸሎት ተጸለየ፤ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ሳጥኖች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሰማያዊው ድንኳን ነው፣ ቀዩ ድስት፣ ቢጫው ተሸካሚ ሰው። የኮሚቴው አንጋፋ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ተጠጉ።

«እኔ የቱ ነኝ?»

«እርስዎ ቢጫው ነዎት፣ አባቴ።»

«ለምን ቆምኩ?»

«ድስቱ እስኪያልፍ እየጠበቁ ነው።»

«እኔ ለድስት አልቆምም! እለፈው በለኝ!»

አሳለፍኳቸው። ሌላው ጣልቃ ገባ። «ሟቹስ ማነው?»

«ማንም አልሞተም፤ ሲሙሌሽን ነው።»

«ማንም ሳይሞት ድንኳኑ ምን ሊያደርግ ወጣ?»

ጋሽ ኤርሱሞ ጠረጴዛውን መቱ። «ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ያምራል። በእጅ የሚዳሰስ ብያለሁ። ዕቃው ይህ ልጅ እንዳለው ይደርደርና ቅዳሜ ጠዋት ሰው እንደሞተ አድርገን እንሞክረው።»

ጥሩ። ድንኳኑ ከማን ደጅ ይተከል? እዚህ ላይ ኮሚቴው በአንድ ጊዜ ታመመ። የአንዱ ደጅ ጭቃ ሆነ። የሌላው ሚስት ነፍሰ ጡር ሆነች። ሦስተኛው ምክንያት እንኳ አልፈለገም፤ «በኢየሱስ ስም!» ብሎ ብድግ አለ። ጋሽ ኤርሱሞ በኮሚቴያቸው አፈሩ። «እኛ ያመንን ሰዎች ነን፤ ድንኳን ሸራ ነው። ከእኔ ደጅ ተክሉት» አሉ።

ባለቤታቸው እትዬ ዳመነች ይህን ሲሰሙ «ሸራ ከሆነ ሌላ ቦታ ለምን አይተከልም?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። «በቁሜ ደጄ ላይ ድንኳን ሲተከል አላይም» ብለው ቅዳሜ በማለዳ ምህረትን አስከትለው ወደ መናኸሪያ ወረዱ፤ ቦኖሻ ከተማ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ስልካቸውንም አጠፉት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼኔ ነው፤ ግን እኔ ያን ጠዋት ተረት የሚሰማ ጆሮ አልነበረኝም።

ልምምዱ ግን እንዴት አማረ! ጡሩምባ ነፊያችንን ቀድሜ «ነገር እንዳይበላሽ ዛሬ ጡሩምባ የለም» ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ። ብልህ ነኝ አላልኳችሁም? ሁሉን አስቤያለሁ። ቢዘንብስ? አስቤያለሁ። ባጃጅ መንገድ ቢዘጋስ? አስቤያለሁ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት ድንኳኑ በሩ ላይ ነበር፤ ብረቱ ተከተለ፤ ወንበሩ ተከተለ፤ ማንም ማንንም አልጠበቀም። ድንኳኑ ቀጥ አለ። ጋሽ ሎምባሞ ራሳቸው «ይኼስ ይገባል ብቻ ሳይሆን ይወጣልም» አሉ። ጋሽ ኤርሱሞ ፊታቸው ላይ ፈገግታ መሰል ነገር ታየ። ጠዋቱ ብርድ ስለነበር ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጥንካሬውን ለመሞከር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ በልቤ ሠርጌን እየደገስኩ ነበር።

እስኪ እናንተ ፍረዱ። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ አግዳሚው ላይ ጋቢ የተከናነበ ትልቅ ሰው። ምን ቀረ?

መጀመሪያ የደረሱት ወይዘሮ የሺ ናቸው። ወይዘሮ የሺ ጎረቤት ናቸው፤ ባለቤታቸው በድሮ ጊዜ ከሰሜን በሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሳቸውም ለቅሶ ላይ ግጥም በመደርደር እስከ ዱራሜ ድረስ የሚፈለጉ ሴት። ወደ ገበያ እየሄዱ ነበር። ድንኳኑን አዩ። ጋሽ ኤርሱሞን አዩ። ዘንቢላቸውን ጣሉት።

«ወይኔ! ወይኔ ወንድሜን! ምን ጉድ ነው የሰማሁት!»

ምንም አልሰሙም እኮ!

«ወይዘሮ የሺ፣ ማንም አልሞተም፤ ልምምድ ነው» አሏቸው ጋሽ ኤርሱሞ።

ወይዘሮ የሺ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መጀመሪያ እንዲህ ያስክዳል። እናቴም አባቴ የሞተ ጊዜ ምሳውን ታቀርብለት ነበር።»

«ኧረ እማማ፣ እውነታቸውን ነው፤ ሲሙሌሽን ነው!»

«ስሙ እንኳ የማይያዝ በሽታ!» አሉና ደረታቸውን ደቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጥፋቴ ያለው እዚሁ ነው። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ደጅ ቆሞ «ማን ነው የሞተው?» ማለት ነውር ነው። ሩቅ ነኝ፣ የእናንተ ነገር አይመለከተኝም ማለት ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል። ከዚያ ይቀመጣል። ከዚያ ከጎን ካለው ሰው ወሬው በዘዴ ይለቀማል። የጎንህ ሰው ካላወቀስ? ሁለታችሁም ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ፤ «ምን ይደረግ» ትባባላላችሁ። እኔ ሲሙሌሽኑ ውስጥ ዝናቡን አስገብቻለሁ፣ ባጃጁን አስገብቻለሁ፣ ለቀስተኛውን ረስቼዋለሁ። ወደብ ሠርቶ መርከብ የረሳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዩኝ።

የወይዘሮ የሺን ድምፅ የሰማ ሁሉ መጣ። ገበያተኛው መጣ፣ አስተማሪው መጣ፣ ባጃጅ ነጂዎች ተሳፋሪዎቻቸውን እንደያዙ መጡ፤ ተሳፋሪዎቹም ወርደው አለቀሱ። አንድ ሰውዬ ከሙዱላ ለስብሰባ የመጣ ነበር፤ ማንንም አያውቅም፤ እሱ ነው ከሁሉ በላይ የጮኸው። «ተዉ! ልምምድ ነው!» እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ እሮጣለሁ። «አይዞህ ልጄ፣ ውሃ ጠጣ» ይሉኛል። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ኪቦርድና ጄኔሬተር ይዘው ደረሱና ስለ ሰማይ ቤት ጀመሩ። ጋሽ ሎምባሞ፣ ድንኳኑን በገዛ እጃቸው ያወጡት ጋሽ ሎምባሞ፣ «አይታወቅም እንግዲህ» ብለው ለንፍሮ እሳት ለኮሱ። ድስቱም ተጣደ፣ ለቅሶውም አለ፤ መጥኜ የደቆስኩት እኔ ብቻ ሞኝ ሆኜ ቆምኩ።

ጋሽ ኤርሱሞ መጀመሪያ ተቆጡ። ቀጥለው ለመኑ። በመጨረሻ የወይዘሮ የሺን እጅ ይዘው ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ጠየቁ፦ «ማን ነው የሞተው? ንገሪኝ።»

ወይዘሮ የሺ ምን ይበሉ? አያውቁማ! አላውቅም ማለት ደግሞ ነውር ነው። አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ኤርሱሞ ወደ አስተማሪው ዞሩ፤ እሱም ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ወደ ሙዱላው ሰውዬ ዞሩ፤ እሱ ጭራሽ በነጠላ ተሸፈነ። ያኔ የጋሽ ኤርሱሞ ፊት ሲለወጥ አየሁ። መርዶ እንዲህ ነዋ የሚነገረው! ሰው ተሰብስቦ፣ ሁሉም አውቆ፣ ባለቤቱ ብቻ ሳያውቅ።

«ዳመነች» አሉ በቀስታ። «ጠዋት መኪና ተሳፍራለች። ስልኳም ጠፍቷል።»

«ጋሼ፣ ስልኩን እኮ ያጠፉት በድንኳኑ ተናደው...»

የሸሚዜን ደረት ጨምድደው ያዙኝ። «አንተ ልጅ! ሲሙሌሽን ያልከኝ ለዚህ ኖሯል? ድንኳኑን በገዛ እጄ አስተክላችሁ ልታረዱኝ ነው? ያን ሁሉ ቢጫና ሰማያዊ ያሳየኸኝ ለዚህ ነው?»

«በእግዚአብሔር ስም! ጋሼ፣ እኔ...»

«ዳመነችዬ!» ብለው ተቀመጡ። ጋሽ ኤርሱሞ! እትዬ ዳመነችን በአደባባይ በስማቸው እንኳ ጠርተዋቸው የማያውቁ፣ «እማወራ» ብለው የሚያልፉ ሰው! «ተው እያልሽኝ! ድንኳን አይተከል እያልሽኝ! አንድ ቀን እንኳ እሺ ሳልልሽ!» ለቅሶው እውነተኛ ሆነ። ሕዝቡ በመጨረሻ ማን እንደሞተ በማወቁ እፎይ ብሎ በሙሉ ልቡ አለቀሰ።

ለምህረት ደወልኩ። ያነሳው ወንድ ነው፤ የቦኖሻው አጎቷ። ድምፁ ታፍኗል። «እየደረስን ነው» ብሎ ዘጋው።

በሰው ስልክ ውስጥ አጎት ሲያለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የምህረት ስልክ እሱ ጋ ምን ይሠራል? ምህረትስ ራሷ? እኔ፣ የሲሙሌሽኑ ባለቤት፣ ማንም እንዳልሞተ በምድር ላይ ብቻዬን የማውቅ ሰው፣ ከጋሽ ኤርሱሞ ጎን አግዳሚው ላይ ወድቄ እንደ ጥጃ ጮህኩ። የሙዱላው ሰውዬ መጥቶ አቀፈኝ።

ቦኖሻ ላይ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ወይዘሮ የሺ ገና ድንኳኑን እንዳዩ ለአጎትየው ደውለው «ቶሎ ኑ» ብቻ ብለዋል፤ ሞት በስልክ አይነገርምና። አጎትየው ዞር ብሎ እህቱን አየ፤ ደህና ናት፣ ቆጮ እየበላች ነው። እንግዲያው የሞተው ኤርሱሞ ነው! እትዬ ዳመነች «ልምምድ እኮ ነው፣ የማይረባ ልጅ የሚያለማምዳቸው» ቢሉም «ምስኪን፣ አላወቀችም» ተባለ። መንገድ ላይ መርዶ እንዳይሰሙ የእናትና የልጅ ስልክ ተወሰደ፤ «ትንሽ ጉዳይ አለ» ተብለው ሚኒባስ ላይ ተጫኑ። ስልክ ሲወሰድባቸው እትዬ ዳመነችም ነገሩ ገባቸው፤ ማለትም የማይገባው ገባቸው።

ሚኒባሱ ደረሰ። እትዬ ዳመነች ነጠላቸው መሬት እየጎተተ ወረዱ። «ኤርሱሞ! ሳልሰናበትህ! ተቆጥቼህ ወጥቼ!» እያሉ በሀዲይኛም በአማርኛም እየጮሁ ሕዝቡን ሰንጥቀው ገቡ። ጋሽ ኤርሱሞም ጋቢያቸው ውስጥ ሆነው «ዳመነችዬ!» እያሉ ነው። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው እያለቀሱ በአግዳሚው ጫፍ ተጋጩ።

ጄኔሬተሩ ብቻ ተሰማ።

እትዬ ዳመነች ባላቸውን አዩ። ድንኳኑን አዩ። «ደጄ ላይ ድንኳን አይተከል አላልኩም?» አሉ።

«ብለሻል» አሉ ጋሽ ኤርሱሞ፤ አቀፏቸው። ሆሳዕና ፊት! የእድር ሊቀመንበር ሚስቱን በጠራራ ፀሐይ ሲያቅፍ ታይቶ አያውቅም፤ መዘምራኑ ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው። ከኋላ ምህረት ደህና ሆና፣ ዓይኗ አብጦ ቆማለች። እግዚአብሔር ይመስገን! እንዴት ደስ እንዳለኝ፣ እንዴትም እንደተናደደችብኝ አልነግራችሁም።

በዝምታው መሐል ወይዘሮ የሺ ቀና አሉ። ነውሩን ጥሰው፣ «እና ማን ነው የሞተው?» አሉ።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። የሙዱላው ሰውዬ ይመስለኛል። ሳቁ ድንኳኑን ሊነቅለው ደረሰ። ሰው ግን አልሄደም፤ ንፍሮው ደርሶ ነበር። አንዱም «ማንም ካልሞተ አልበላም» አላለም።

ሕዝቡ ሲቀንስ ጋሽ ኤርሱሞ ጠሩኝ። እትዬ ዳመነች ከጎናቸው ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ኤርሱሞ እጃቸውን እንደያዙ ናቸው፤ መያዛቸውን የረሱት ይመስለኛል። ፊታቸው ቆሜ የሚገባኝን ስድብ ጠበቅኩ። ልጄን እርሳት እንደሚሉኝ አውቄዋለሁ። አልፈርድባቸውም ነበር።

«ዳመነች ከእኔ ብትቀድም ምን እንደምሆን አስቤ አላውቅም ነበር» አሉ። «ሁልጊዜ እኔ የምቀድም ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አየሁት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።»

«ዝም በል፣ እየጠየቅኩህ ነው። ነገሩ ሳይደርስ ምን እንደሚመስል ማየት። ሥራህ ይኼ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ። ይኼው ነው።»

«ከባድ ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ ፊታቸው እንደ ድሮው ኮስተር አለ። «በል ይኼን ድንኳን ንቀል። ለሠርጉ ሌላ ትከራያለህ፤ ይኼን ዳመነች ሁለተኛ ማየት አትፈልግም።»

«እሺ ጋሼ» ብዬ ሮጥኩ። ገመዱን ፈትቼ፣ ብረቱን አውርጄ፣ ሸራውን መጠቅለል ጀመርኩ። ግማሽ እንደጠቀለልኩ ነው ቀጥ ብዬ የቆምኩት። ለሠርጉ? ለማን ሠርግ?

ምህረት በዚያ በኩል የሸራውን ጫፍ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ገና ቀይ ነው።

«ምህረት፣ አባትሽ እኮ እሺ አሉ!»

«ሰምቻለሁ» አለችኝ። «አጥብቀህ ያዝና ጎትት።»